ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ልጃቸው ራስ ኃይሉ፦ የጎጃም ግዛት ከአባት ወደ ልጅ

ከ1860ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ 1924 ዓ.ም ድረስ የጎጃም ግዛት፣ በመካከሉ ካለፉት ጥቂት ዓመታት በስተቀር፣ በአንድ አባትና በአንድ ልጅ እጅ ነበር። አባት ራስ አዳል ተሰማ ናቸው፤ ከ1873 ዓ.ም ወዲህ የሚታወቁት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሚለው ስመ መንግሥታቸው ነው። ልጅ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የሁለቱ ታሪክ አንድ ላይ ሲነበብ በአሮጌው የኢትዮጵያ አስተዳደር ሥልጣን ከአባት ወደ ልጅ እንዴት ይተላለፍ እንደነበር፣ የት ላይ ይቋረጥ እንደነበርና ዋጋውን ማን ይከፍል እንደነበር በግልጽ ያሳያል። ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው ሹመቱን አልነበረም፤ የይገባኛል ጥያቄውን ነበር። ጥያቄውን ወደ ሹመት የሚለውጠው ደግሞ በዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ንጉሠ ነገሥት ነው።

ጎጃም እንዲህ ላለው የይገባኛል ጥያቄ የተመቸ አገር ነው። አባይ ከጣና ወጥቶ በሰሜን ምሥራቅ፣ በምሥራቅና በደቡብ ይከበዋል። ሸለቆው ጥልቅና በረሃ ስለሆነ ክረምት ሲገባ ከጎንደር ወይም ከሸዋ የሚመጣ ጦር በቀላሉ አይሻገረውም። በሞጣ በኩል ወደ በጌምድር የሚያሻግረው በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ድልድይ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ተሰብሮ እስከ ዛሬ «ሰባራ ድልድይ» ይባላል። ከድልድይ ሌላ መሻገሪያው መልካና ታንኳ ብቻ ነበር። በዚህ የተፈጥሮ አጥር ውስጥ ያለው ደጋና ወይና ደጋ፣ ከብቸና እስከ ሞጣ፣ ከደብረ ማርቆስ በአማኑኤልና በደምበጫ በኩል እስከ ቡሬ ድረስ፣ ጤፍና ስንዴ በብዛት የሚያመርት አገር ነው። በደቡብ በኩል ደግሞ የባሶ ገበያ ነበር። ከአባይ ማዶ ከጉዱሩና ከዚያም አልፎ ከከፋ የሚመጣው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና፣ በሚያሳዝን ሁኔታም ባሪያ፣ በዚያ ያልፍ ነበር። የጎጃም ገዥ አቅም ከእነዚህ ሁለት ምንጮች ማለትም ከገበሬው እርሻና ከአባይ ማዶው ንግድ ይመነጫል።

የአዳል ቤተሰብ በዚህ አገር አዲስ አልነበረም። አያታቸው ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በዘመነ መሳፍንት ጎጃምንና ዳሞትን ከገዙት ኃያላን አንዱ ነበሩ። በ1845 ዓ.ም ጉር አምባ ላይ ከቋረኛው ካሳ ኃይሉ ጋር ገጥመው ሞቱ። ካሳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የደጃዝማች ጎሹ ልጅ ደጃዝማች ብሩ ጎሹም በካሳ ተይዘው እስከ ቴዎድሮስ ሞት ድረስ በእስር ኖሩ። በዚህ ጊዜ ጎጃም ውስጥ ተድላ ጓሉ በቴዎድሮስ ላይ ሸፍተው አገሩን ያዙ። ኋላ ደብረ ማርቆስ የተባለችውን የመንቆረርን ከተማ የቆረቆሩትም እሳቸው ናቸው። እንግዲህ አዳል ለአቅመ መሪነት ሲደርሱ የአያታቸው ግዛት ሌላ ቤተሰብ እጅ ነበር። የጎሹ ዘር መሆናቸው ተከታይ አስገኘላቸው፤ ግዛቱን ግን አላስገኘላቸውም።

መንገዱ የተከፈተው አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ነው። ዋግሹም ጎበዜ «አፄ ተክለ ጊዮርጊስ» ተብለው ሲነግሡ አዳልን በጎጃም ላይ ሾሙ፤ እህታቸውን ወይዘሮ ላቀች ገብረ መድኅንንም ዳሩላቸው። ጋብቻው የሹመቱ ማኅተም ነበር። ይሁንና ተክለ ጊዮርጊስ በ1863 ዓ.ም አድዋ አጠገብ በካሳ ምርጫ ተሸንፈው ሲማረኩ የአዳል ሹመት አብሮ ወደቀ። ካሳ «አፄ ዮሐንስ አራተኛ» ተብለው ነገሡና ጎጃምን ለተድላ ጓሉ ልጅ ለደስታ ሰጡ። አዳል አባይን ተሻግረው ሸሹ፤ ጦር አሰባስበው ተመልሰው ደስታን ወግተው ገደሉ። አፄ ዮሐንስም በ1866 ዓ.ም ገደማ የሆነውን ተቀብለው አዳልን ራስ አድርገው በጎጃም ላይ አጸኑ። በዚያ ዘመን ሥርዓት ይህ የተለመደ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የሚሾመው ብዙ ጊዜ አገሩን በጦር የያዘውን ሰው ነው፤ ሰውየው ደግሞ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ቃል እንደ ሽፍታ ይቆጠራል። ሁለቱ አንዱ ሌላውን ይፈልጋሉ።

በጥር 1873 ዓ.ም ይህ ግንኙነት ከፍተኛ ደረጃው ላይ ደረሰ። አፄ ዮሐንስ ራስ አዳልን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው ዘውድ ጫኑላቸው። የሸዋው ምኒልክ ቀደም ሲል በ1870 ዓ.ም ለዮሐንስ ገብረው የንጉሥነት ማዕረጋቸው ጸንቶላቸው ነበር። ዮሐንስ አሁን በደቡባቸው ሁለት ነገሥታት አቆሙ። አንዱ ሌላውን ይጠብቀዋል፤ ሁለቱም ለንጉሠ ነገሥቱ ይገብራሉ የሚል ዕቅድ ነበር። «ከፋ» በማዕረጉ ውስጥ መግባቱ ግን ሁለቱን ለጠብ አጋጠማቸው። ጎጃሞች በራስ ደርሶ መሪነት ከአባይ ማዶ እየገፉ ነበር፤ የምኒልክ ጦር አዛዥ ራስ ጎበና ዳጨም እዚያው አገር ነበሩ። የሁለቱም ዓላማ አንድ የንግድ መሥመርና አንድ የግብር ምንጭ ነው።

ግንቦት መጨረሻ 1874 ዓ.ም ጉዱሩ ውስጥ እምባቦ ላይ ጦርነቱ ሆነ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው ጦራቸውን መርተው ገቡ፤ ድሉ ግን የሸዋ ሆነ። ንጉሡ ቆስለው ተማረኩ። በሸዋ በኩል የተጻፈው ታሪክ ምኒልክ የምርኮኛውን ቁስል በእጃቸው እንዳከሙ ይናገራል። ከሁሉ በላይ ግን የእምባቦ ውጤት በኢኮኖሚው ላይ ታየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የደቡብ ምዕራቡ ወርቅ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ወደ ጎጃም ሳይሆን ወደ ሸዋ መሄድ ጀመረ። ሸዋ በዚያ ሀብት ጠብመንጃ ገዛ፤ ጎጃም ደግሞ በአባይ አጥር ውስጥ ተዘግቶ ቀረ። በዚህ ምክንያት ተከታዩ የጎጃም ገዥ ገቢውን ለማሳደግ ሲፈልግ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ራሱ ገበሬ ብቻ ሆነ። ልጅየው ራስ ኃይሉ በግብር ብዛት የተወቀሱበትን ዘመን ለመረዳት ከእምባቦ መጀመር ያስፈልጋል።

አፄ ዮሐንስ ሁለቱ ነገሥታት ያለ ፈቃዳቸው መዋጋታቸውን ሲሰሙ ሁለቱንም ቀጡ። ከምኒልክ ላይ ወሎን ወሰዱ፤ ከተክለ ሃይማኖት ላይ አገው ምድርን። የጎጃሙ ንጉሥ ከምርኮ ተፈትተው ወደ መንቆረር ተመለሱ። ሲያስተዳድሩ የኖሩባት ይህች ከተማ በእሳቸው ዘመን በተሠራው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። በግቢያቸው ካደጉት ሰዎች አንዱ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ነበሩ። ከአባይ ማዶ በልጅነታቸው መጥተው ጎጃም ያደጉ፣ ኋላ ሠዓሊና የጎጃም ታሪክ ጸሐፊ የሆኑ ሰው ናቸው። ስለዚህ ቤተሰብ ዛሬ የሚታወቀው ብዙ ነገር በእሳቸው ብዕር የተረፈ ነው። አንድ ከጉዱሩ የመጣ ልጅ የጎጃምን ነገሥታት ታሪክ ለትውልድ ማቆየቱ ሊረሳ የማይገባው ውለታ ነው።

የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቀሪ ዘመን መከራ የበዛበት ነበር። በ1879 ዓ.ም መተማ ላይ የሱዳን ድርቡሾችን አሸነፉ። በዓመቱ ግን ጥር 1880 ዓ.ም የድርቡሾች አዛዥ አቡ አንጃ ብዙ ጦር ይዞ መጣና ደምቢያ ውስጥ ሳር ውሃ ላይ የጎጃምን ጦር ሰበረ። ከንጉሡ ቤተሰብም የተማረኩ ነበሩ። ድርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ተክለ ሃይማኖት ንጉሠ ነገሥቱ በጊዜው አልደረሱልኝም ብለው አዘኑ፤ ከምኒልክም ጋር መላላክ ጀመሩ። አፄ ዮሐንስ ይህን እንደ ክዳት ቆጥረው በ1881 ዓ.ም መጀመሪያ ጎጃም ገቡ። ጦራቸው አገሩን ዘረፈ፤ አዝመራውን አጠፋ፤ ሰውና ከብት ፈጀ። በነገሥታት መካከል በተነሣ ቅሬታ ምክንያት የተቀጣው ምንም የማያውቀው ገበሬ ነበር። ይህን ተከትሎ የከብት እልቂቱና «ክፉ ቀን» የተባለው ታላቅ ረሃብ መጣ። የጎጃም ሰው ያንን ዘመን በሦስት እጥፍ ነው የተቀበለው፦ በድርቡሽ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ጦርና በረሃብ።

ዮሐንስ መጋቢት 1881 ዓ.ም መተማ ላይ ሲወድቁ ምኒልክ ነገሡ፤ ተክለ ሃይማኖትም ገቡላቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም አድዋ ላይ የጎጃም ጦር ከንጉሡ ጋር ተሰልፎ ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጥር 1893 ዓ.ም ዐረፉ። በእምባቦ የማረኳቸው ሰው አሁን ንጉሠ ነገሥት ነበሩ፤ ስለ ጎጃም ውርስ የሚወስኑትም እሳቸው ሆኑ።

አፄ ምኒልክ የወሰኑት ግልጽ ነበር። የጎጃም ንጉሥ የሚል ማዕረግ ለማንም አልሰጡም። ግዛቱንም ከፋፈሉት፦ አንዱ ክፍል ለንጉሡ ልጅ ለራስ በዛብህ ሲደርስ ዳሞትና አገው ምድር ለራስ መንገሻ አቲከም ተሰጡ። ምክንያቱን ለመረዳት አያዳግትም። ምኒልክ ራሳቸው ከንጉሥነት ወደ ንጉሠ ነገሥትነት የወጡ ሰው ናቸው፤ ከበታቻቸው ያለ ንጉሥ ምን ማድረግ እንደሚችል ከሁሉም በላይ ያውቁታል። በዛብህም ብዙ አልቆዩም፤ በዚያው በ1890ዎቹ መጨረሻ ከሥልጣን ወርደው ሞቱ። ሌላው ወንድም ራስ በለውም በሕይወት አልነበሩም። በዚህ ጊዜ ሦስተኛው ልጅ ሥዩም ተክለ ሃይማኖት ቀሩ።

ሥዩም የተወለዱት በ1860 ዓ.ም ገደማ ነው። ጎጃምን ሲይዙ ስማቸው ኃይሉ ሆነ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎጃምን የገዙትን የታላቁን ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅን ስም ያዙ ማለት ነው። ሹመቱ የተሰጣቸው በ1900 ዓ.ም ገደማ በምኒልክ የመጨረሻ ዘመን ነው፤ ራስነቱ ደግሞ ከምኒልክ ወራሽ ከልጅ ኢያሱ ጋር የተያያዘ ነው። ራስ ኃይሉ ከዙፋኑ ጋር የሚያስተሳስራቸውን ነገር አባታቸው ባገኙበት መንገድ፣ በጋብቻ፣ አገኙት። ልጃቸው ሰብለ ወንጌል ኃይሉ ለኢያሱ ተዳረች። ልዩነቱ አባት ከንጉሠ ነገሥቱ ቤት ሚስት አመጡ፤ ልጅ ግን ለወራሹ ሚስት ሰጡ። በ1909 ዓ.ም ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ራስ ኃይሉ ከአማቻቸው ጋር አልወደቁም። አዲሱን መንግሥት፣ ንግሥት ዘውዲቱንና አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን፣ ተቀብለው ግዛታቸውን ይዘው ቀሩ።

አባትና ልጅ በአገዛዝ ዘዴ ይለያያሉ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጦር ግንባር የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ራስ ኃይሉ ግን የገንዘብን ኃይል የተረዱ ሰው ናቸው። በእሳቸው ዘመን ጎጃም ውስጥ የሚሰበሰበው አስራት፣ በኬላ የሚከፈለው ቀረጥና ልዩ ልዩ መዋጮ በዛ። ሹመት በገንዘብ ይሸጣሉ የሚል ወቀሳም ይቀርብባቸው ነበር። ሂደቱን ለመገመት ከላይ ወደ ታች መከተል ይበቃል። ራስ ኃይሉ ከምስለኔው ይጠይቃሉ፤ ምስለኔው ሹመቱን ያገኘው ገንዘብ ከፍሎ ከሆነ ክፍያውን ማስመለስ አለበት፤ ጭቃ ሹሙ ከምስለኔው ይታዘዛል፤ መጨረሻው የገበሬው ጎተራ ነው። የጎጃም ገበሬ ርስቱን አጥብቆ የሚይዝ ሰው ነው። መሬቱ የአባት የናቱ ስለሆነ ሹሙ ሊነቅለው አይችልም፤ ፍሬውን ግን ሊካፈለው ይችላል። ስለዚህ በዚያ አገር የፖለቲካ ጠብ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከመሬት ባለቤትነት ይልቅ ከግብር ነው።

ራስ ኃይሉ ለዘመናዊ ነገርም ዓይናቸው ክፍት ነበር። በ1916 ዓ.ም አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ራስ ኃይሉና የትግራዩ ራስ ሥዩም መንገሻ አብረው ሄዱ። ኢየሩሳሌምን፣ ካይሮን፣ ፓሪስን፣ ሮምንና ለንደንን አዩ። ጉዞው አገር የማሳየት ብቻ አልነበረም። ተፈሪ እሳቸው በሌሉበት በአገሩ ላይ ሊያስቸግሩ የሚችሉትን ሁለት ታላላቅ ባላባቶች ከዓይናቸው ሳያርቁ ይዘዋቸው ሄዱ። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበሩት ሜጀር ቺስማን ጣናንና አባይን እየዞሩ ሲያጠኑ የራስ ኃይሉን ጎጃም በቅርብ አይተዋል፤ ስለ ጉዞአቸው የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ በ1936 ታትሟል።

ተፈሪና ራስ ኃይሉ በዋናነት የሚለያዩበት ግን የአስተዳደር ጉዳይ ነበር። ተፈሪ በ1923 ዓ.ም ጥቅምት «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» ተብለው ከነገሡ በኋላ በዚያው ዓመት ሐምሌ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ወጣ። ሕገ መንግሥቱ የዙፋኑን ውርስ በንጉሠ ነገሥቱ ዘር አጸና። የጠቅላይ ግዛቶችን ውርስ ግን አላወቀም። መኳንንቱ በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ወንበር አገኙ፤ በአገራቸው ግን ቀስ በቀስ ከአዲስ አበባ በሚላክ ሹም እየተተኩ ሄዱ። አባታቸው የዘውድ ባለቤት ለነበሩት ለራስ ኃይሉ ይህ ሊዋጥ የሚችል ነገር አልነበረም።

በ1924 ዓ.ም ግንቦት ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እስር ቤት አመለጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ። በማምለጡ ጉዳይ ራስ ኃይሉ እጃቸው አለበት ተባለ። ፍርድ ቤት ቀርበው የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ዝቅ አደረጉላቸው፤ ሀብታቸው ተወረሰ። ጎጃም የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ለሆኑት ለራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተሰጠ። ከጎሹ ዘውዴ ጀምሮ በጎጃም ሥልጣን ላይ ይፎካከር የነበረው ቤተሰብ ከሥፍራው ተነሣ። ገበሬው በአዲሱ ገዥ ዘመን ትንሽ ትንፋሽ አግኝቷል፤ ይሁንና የባላባቱ ልጆችና ተከታዮቻቸው ቁጭታቸውን አልረሱትም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ከአዲስ አበባ ሲወጡ እስረኛውን ራስ ኃይሉን አብረው ወሰዷቸው። ድሬዳዋ ላይ ራስ ኃይሉ ቀሩ፤ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰውም ለኢጣሊያ ገቡ። ከዚህ በኋላ የሠሩት ሥራ ስማቸውን በብርቱ አጠቆረው። በ1929 ዓ.ም ታኅሣሥ ሰላሌ ላይ አርበኞቹ አበራ ካሳና አስፋ ወሰን ካሳ የምሕረት ቃል ተሰጥቷቸው እጃቸውን ሲሰጡ በዕርቁ መካከል ራስ ኃይሉ ነበሩ። ኢጣሊያኖች ግን ሁለቱን ወንድማማቾች ገደሏቸው። የቀድሞው ገዥ በደረሰባቸው በደል ቂም መያዛቸው ይገባል፤ ቂማቸውን በወራሪ መሣሪያነት መወጣታቸው ግን ይቅር የሚባል አይደለም።

በቤተሰቡ ውስጥ የዚህ ፍርድ ምስክሮች የገዛ ወንድሞቻቸው ልጆች ናቸው። የራስ በለው ልጅ፣ ልጅ ኃይሉ በለው፣ በሞጣ በኩል ሸፈቱ፤ የራስ በዛብህ ልጅ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህም በጎጃም አርበኞችን መሩ። ከ1929 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ጎጃም ሲነሣ ሁለቱ የተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጆች ከግንባር መሪዎቹ መካከል ነበሩ። በብቸና ደግሞ ከባላባት ዘር ያልሆኑ አንድ ጎበዝ ጦር ሰብስበው ነበር፤ አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ። የአንድ ቤተሰብ ሰዎች አንዱ በኢጣሊያ ወገን፣ ሌሎቹ በበረሃ ሆነው ተፋጠጡ። በላይ ዘለቀ ደግሞ ያለ ዘር ሐረግ የአካባቢ መሪ መሆን እንደሚቻል አሳዩ።

በ1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተመልሰው በቡሬና በደምበጫ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲገፉ ኢጣሊያኖች ራስ ኃይሉን ወደ አባታቸው ከተማ አመጧቸው። ሐሳባቸው ግልጽ ነው፦ ጎጃሜ የተክለ ሃይማኖትን ልጅ ሲያይ ንጉሠ ነገሥቱን ይተዋል የሚል ነበር። አንዳንድ ሰው ተሰበሰበላቸው። ይሁንና የኢጣሊያ ጦር መጋቢት መጨረሻ ላይ ከተማዋን ለቆ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲሸሽ ራስ ኃይሉ ብቻቸውን ቀሩ፤ ከተማዋንም አስረከቡ። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በቦታው የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች እንደጻፉት ራስ ኃይሉ ዘግይተው መጡ፤ የለበሱትም የኢጣሊያ ጄኔራል ልብስ ነበር። እጅ ነሡ። ዘጠኝ ዓመት የቆየው ጠብ በዚያች ሰዓት ያለ ጥይት አበቃ።

የሸሸውን ጦር በአባይ መሻገሪያ ላይ እንዲቆርጡ የሚጠበቁት በላይ ዘለቀ ነበሩ። ጦሩ ግን ተሻገረ። የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ምክንያቱን ራስ ኃይሉ ለበላይ በገቡላቸው የጋብቻ ቃል ያስረዳሉ። በጎጃም ጉዳዩን በሌላ መንገድ የሚተርኩም አሉ፤ ይህ ምዕራፍ አንዱን ወገን የሚያጸድቅ ማስረጃ የለውም። የሚታወቀው ውጤቱ ነው። በላይ በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጋጭተው ተያዙ። በጥር 1937 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሲሰቀሉ አብረዋቸው ከተሰቀሉት አንዱ የራስ ኃይሉ ልጅ ማሞ ኃይሉ ነበር። አባት ራሳቸው ከነጻነት በኋላ ወደ ጎጃም ሳይመለሱ አዲስ አበባ በጥበቃ ሥር ኖረው እ.ኤ.አ በ1950 ሞቱ።

ሌሎች የአባትና የልጅ ጥንዶችን ማየት የጎጃሙን ጉዳይ ለመመዘን ይረዳል። በአዲስ አበባ ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ከ1935 እስከ 1950 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። ልጃቸው ልጅ እንዳልካቸው መኰንን በኦክስፎርድ ተምረው በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ቆይተው በየካቲት 1966 ዓ.ም ያንኑ ሹመት አገኙ፤ ከአምስት ወር በኋላ ወረዱ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም በደርግ ተገደሉ። እዚህ ላይ ግዛት የለም፤ ያለው ቢሮ ነው። ወንበሩን የሚሰጠውና የሚነሣው ንጉሠ ነገሥቱ መሆኑ ግን ያው ነው። በአሜሪካ ደግሞ ጆን አዳምስ ሁለተኛው፣ ልጃቸው ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ስድስተኛው ፕሬዚዳንት ነበሩ። ሁለቱም ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ ተሸንፈው ቤታቸው ገቡ። ልጁ ከዚያ በኋላ የሕዝብ እንደራሴ ሆነው እስከ ሞታቸው በምክር ቤት አገለገሉ። በጎጃም የወረደ ገዥ የሚጠብቀው እስር፣ ሽፍትነት ወይም ሞት ነበር። ሰላማዊ መውረጃ አለመኖሩ ራስ ኃይሉን ጨምሮ ብዙ ሰው ከወራሪ ጋር እንዲሰለፍ አድርጓል። ይህ ለጥፋታቸው ማብራሪያ እንጂ ማስተሰረያ አይሆንም።

ከነጻነት በኋላ ጎጃም ለአጭር ጊዜ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ። ኃይሉ በለው በአርበኝነታቸው ራስ ተብለው የጎጃም ጠቅላይ ገዥ ሆኑ። ሹመቱ የተሰጣቸው ግን በዘራቸው ብቻ አልነበረም፤ በወረራው ዘመን በከፈሉት መስዋዕትነት ጭምር ነው። ነጋሽ በዛብህ ቢትወደድ ሆነው በመንግሥት ከፍተኛ ቦታ ሳሉ በ1943 ዓ.ም በንጉሠ ነገሥቱ ላይ አድማ መርተዋል ተብለው ተያዙ። ከኃይሉ በለው በኋላ የጎጃም ጠቅላይ ገዥነት ከቤተሰቡ ውጭ ለሆኑ ሰዎች ተሰጠ፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ደጃዝማች ከበደ ተሰማ ነበሩ።

ገዥዎቹ ቢለወጡም የግብሩ ጥያቄ አልተለወጠም። የ1934 ዓ.ም የመሬት ግብር አዋጅ ጎጃም ውስጥ ዐመፅ አስነሣ። በ1960 ዓ.ም የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬዎች መሣሪያ አንሥተው ተነሡ። የሰጉት መሬት የሚለካው ርስታቸውን ለመውሰድ ነው ብለው ነው። መንግሥት መንደሮችን በአውሮፕላን ደበደበ፤ መጨረሻ ላይ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ግብሩም ቀረ። ሞጣና ብቸና በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ በራስ ኃይሉ፣ በኢጣሊያና በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሥር ያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፦ ከፍሬው ስንቱ ለእኛ ይቀራል? ስለ ገዥዎቹ ቤተሰብ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ እነዚህ ገበሬዎች ግን ገና ብዙ የሚጻፍ አለ። የጎጃም አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ማሰባሰብ የአካባቢው መምህራንና ተማሪዎች ሊቀድሙበት የሚገባ ሥራ ነው።

የግዛት ውርስ የቆመበት የመሬት ሥርዓት በመጨረሻ የፈረሰው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።